የሐዋሳና የአካባቢዋ ኢኮኖሚ

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ በ1700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሐዋሳ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኝ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ ሲዛወር የመጀመሪያውን ትልቅ የእድገት ግፊት አገኘች። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የሐዌላ ቱላን የገጠር ቀበሌዎች ጨምሮ በከተማ አስተዳደሩ ውስጥ ወደ 259 ሺህ ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ቁጥሩ ከዚያ በብዙ ይበልጣል።

የከተማዋ ኢኮኖሚ ግን በአስተዳደር ወሰኗ ተከልሎ የሚቀር አይደለም። በስተሰሜን ከጥቁር ውኃ ወንዝ ማዶ የኦሮሚያ ክልል ይጀምራል፤ ከዚያም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ የአምስት አቅጣጫ መንገዶች መገናኛ የሆነችው ሻሸመኔ አለች። እህሉ፣ ድንቹ፣ ከብቱና የግንባታ ዕቃው በዚያ በኩል ይገባል። በምሥራቅ ወንዶ ገነት፣ በደቡብ ይርጋለምና አለታ ወንዶ ቡናቸውን፣ ጫታቸውን፣ ቆጯቸውንና ፍራፍሬያቸውን ይልካሉ። ጠዋት ከሻሸመኔ ተነስቶ ሐዋሳ የሚሠራ፣ ሐዋሳ እያደረ ይርጋለም የሚነግድ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ስለ ሐዋሳ ኢኮኖሚ ጤናማነት የሚናገር ሁሉ የሁለት ክልሎችን ገበያ አንድ ላይ ማየት ይኖርበታል። በሁለቱ መካከል መንገድ በተዘጋ ቀን የሽንኩርት ዋጋ የሚወደደው በሁለቱም በኩል ነው።

ለረጅም ጊዜ የከተማዋ ዋና ገቢ የመንግሥት ደሞዝ ነበር። ሐዋሳ ከሃምሳ በላይ ብሔር ብሔረሰቦች የሚኖሩበት የደቡብ ክልል መቀመጫ በነበረችበት ዘመን፣ የየቢሮው ሠራተኛ ከየዞኑ መጥቶ ቤት ይከራያል፣ ልጅ ያስተምራል፣ ቦታ ተመርቶ ቤት ይሠራል። ስብሰባውና ሥልጠናው ደግሞ ሆቴሎቹን ይሞላል። ይህ ሁኔታ በአምስት ዓመት ውስጥ ተለወጠ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይም ክልሉ በይፋ ተመሠረተ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የቀረው የደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል የቢሮዎቹ ሠራተኞች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ሆሳዕናና ሌሎች ከተሞች ተከፋፍለው ሄዱ። ክልል መሆኑ ለሲዳማ ሕዝብ የዘመናት ጥያቄ መልስ ነበር፤ ክፍፍሉ ለአዲሶቹ መቀመጫ ከተሞችም ትልቅ ዕድል ሆነ። ሐዋሳ ግን የዚያ ሁሉ ሰፊ ክልል አስተዳደር ማዕከል መሆኗ ቀርቶ የሲዳማ ክልል ብቻ መቀመጫ ሆነች። ደሞዙን እዚህ ያወጣ የነበረው ሠራተኛ ዕቃውን ጭኖ ሲሄድ አከራዩ፣ ምግብ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊውና የግል ትምህርት ቤቱ አብረው ደንበኛ አጥተዋል።

በዚሁ ጊዜ ከተማዋ ተስፋዋን የጣለችው በኢንዱስትሪ ፓርኩ ላይ ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በቻይናው የሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኩባንያ በአንድ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ተሠርቶ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። ግንባታው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል፤ ሃምሳ ያህል ሼዶችን የያዘ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ታቅዶ ነበር። የፋብሪካውን ፍሳሽ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ጣቢያም ተተክሎለታል። መውጫ ወንዝ ለሌለው ሐይቅ ጎረቤት ለሆነ ፋብሪካ ይህ ከሼዶቹ ሁሉ የሚበልጥ ውሳኔ ነው። ከስሪላንካ፣ ከሕንድ፣ ከቻይናና ከኢንዶኔዥያ የመጡ አምራቾች ሸሚዝ፣ ቲሸርትና የውስጥ ልብስ መስፋት ጀመሩ፤ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም መጀመሪያ ከገቡት አንዱ ነበር። ፓርኩ በደህናው ዘመኑ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሩት፤ አብዛኞቹም ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአጎራባች ዞኖች የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው።

የፓርኩ ስሌት የቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነበር፦ በርካሽ ጉልበትና አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ባወጣችው የንግድ ሕግ፣ በአጎዋ፣ በሰጠችው ከቀረጥ ነፃ መብት። ጨርቁ ከውጭ መጥቶ ከጅቡቲ ወደ 1000 ኪሎ ሜትር በከባድ መኪና ይጓጓዛል፤ ተሰፍቶም በዚያው መንገድ ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ወጪ ላይ የአሜሪካ ቀረጥ ሲጨመርበት ሂሳቡ አይወጣም። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ስታግድ የሆነው ይኸው ነው። ፒቪኤች ከእገዳው ቀደም ብሎ መውጣቱን አስታወቀ፤ ሌሎችም ተከተሉ ወይም ሥራቸውን ቀነሱ። ከሐዋሳ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የተካሄደ ጦርነት፣ በዋሽንግተን በተፈረመ ውሳኔ በኩል፣ ከጦርነቱ ጋር ምንም የማይገናኙ የሲዳማና የወላይታ ልጃገረዶችን እንጀራ ነካ። የአውሮፓ ገበያ ከቀረጥ ነፃ ክፍት ሆኖ መቆየቱና ለአገር ውስጥ አምራቾች በሩ መከፈቱ ፓርኩን ከመዘጋት አድኖታል፤ አሁን የሚሠራው በልዩ ኢኮኖሚ ዞንነት ነው።

የፓርኩ ስም ሲነሳ የሚጠቀሰው ብዙ ጊዜ የኤክስፖርት ገቢው ነው። ሚዛኑ የሠራተኛዋ ኪስ ቢሆን ግን ይሻላል ብዬ አምናለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንዲት አዲስ ኦፕሬተር መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ገደማ፣ በብር ሲመነዘር ከ1000 በታች ነበር። በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ጉዳዩን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢደነግግም። ሠላሳ ሺህ ሰው በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲመጣ የክፍል ኪራይ ወዲያው ናረ፤ ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል የሚጋሩት ልጆች ከኪራይ፣ ከምግብና ወደ ቤተሰብ ከሚልኩት ተርፏቸው ዕቁብ መግባት ከባድ ሆነባቸው። ገና ሥራው እንደተጀመረ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ይለዋወጥ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። ስንፍና ነው፣ የፋብሪካ ባህል አልለመዱም ነው ያሉ ነበሩ። ነገር ግን እናቷ ቤት ሆና ቡና ከምትለቅም ልጅ የተሻለ ካልተረፋት፣ ትታ መመለሷ በትክክል ማስላቷን ያሳያል። ፓርኩ ሲታቀድ ሼዱ ቀድሞ፣ የሠራተኛ መኖሪያው ወደኋላ መቅረቱ በእኔ አስተያየት የፕሮጀክቱ ትልቁ ጉድለት ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ሁኔታው በሌላ በኩል ተለወጠ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በወራት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ለላኪው ይህ ደስታ ነው፤ ለሠራተኛዋ ግን በብር የተጨመረላት ደሞዝ በዘይትና በጤፍ ዋጋ ተበልቷል። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከሥራ ግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2000 ብር ከፍ መደረጉ ጥቂት እፎይታ ሰጥቷል።

ከፓርኩ ይልቅ ሥር የሰደደው ቡናው ነው። የሲዳማ ቡና በሐዋሳ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ይከማቻል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ መጋዘንና የቡና ቅምሻም እዚህ ይገኛል። በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የልህቀት ዋንጫ (ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ) የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የመጣ ቡና ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የወጣው ሕግ ገበሬውም ሆነ አጣቢው በቀጥታ እንዲልክ በሩን ሲከፍት፣ ቀድሞ አዲስ አበባ ይቀር የነበረው ትርፍ ጥቂቱ ወደዚህ መመለስ ጀምሯል። ይርጋለም ያለው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክም አቮካዶን ወደ ዘይት ይለውጣል። ቀድሞ በየጎዳናው በርካሽ ተሽጦ የሚበላሸው አቮካዶ ዛሬ ተረካቢ ፋብሪካ አግኝቷል። ጥሬ ዕቃው ከገበሬው ጓሮ ስለሚመጣ በውጭ ውሳኔ በአንድ ሌሊት የሚነቀል አይደለም።

ከዚህ ውጭ ከተማዋ የቆዩ ፋብሪካዎች አሏት፦ የጨርቃ ጨርቁ፣ የታቦር ሴራሚክ፣ የኤታብ ሳሙና፣ የሞሐ ለስላሳና የቢጂአይ ቢራ። በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ደግሞ፣ ከቀድሞው የእርሻ ኮሌጅ ጀምሮ ሲቆጠር፣ ከተማዋ ካላት የረጋ ሀብት አንዱ ነው፤ ተማሪው ሲመጣ የፎቶ ኮፒው፣ የምግብ ቤቱና የባጃጁ ሥራ ይነቃቃል።

የሐይቁን ዋጋ በብር ብቻ መተመን ያስቸግራል። ስፋቱ ዘጠና ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ ይወጣበታል። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጠዋት ከጀልባ የወረደው ዓሣ እዚያው ተከትፎ፣ ተጠብሶ ወይም በሾርባ ይበላል። ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የሚመጣው፣ ለሐምሌና ለታኅሣሥ ገብርኤል የሚጎርፈው ምእመን፣ በጉዱማሌ ለፍቼ ጨምበላላ የሚሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ ሆቴሎቹም የተደረደሩት ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ሐይቁ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። በጥቁር ውኃ በኩል የሚመጣ የፋብሪካ ፍሳሽና ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠብ ደለል ሁሉ እዚያው ይቀራል። ዓሣ አስጋሪው፣ ሆቴሉና ፋብሪካው የሚኖሩበት ውኃ አንድ ነው፤ ተፋሰሱ ግን በሲዳማና በኦሮሚያ የተከፈለ ስለሆነ አንዱ ወገን ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም።

የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ሥራ ላይ ውሏል። ቀሪው ሲያልቅ ቡናውና አቮካዶው ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርሱበት ጊዜ በጣም ያጥራል። ከመንገዱ ቀድሞ ግን የቀዝቃዛ ማከማቻው፣ የሠራተኛ ቤቱና ከሻሸመኔ ጋር የጋራ የውኃና የቆሻሻ ዕቅድ መሠራት አለበት፤ ያለበለዚያ በአዲሱ መንገድ የሚጫነው ጥሬ ዕቃ ብቻ ይሆናል።