«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ አስማተኛው በሠራዊት ፊት

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲባል ያልሰማ የለም። ትርጉሙ ሲጠየቅም መልሱ አንድ ነው፦ ኅብረት ኃይል ነው። ልክ ነው። ግን አባባሉ ሌላም ነገር ይዟል። «ድር አንበሳ ያስራል» አላለም፤ «ቢያብር» ብሎ ነገሩን በሁኔታ አስሮታል። ካላበረስ? አንበሳው ጠርጎት ያልፋል። ይህን ግማሽ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ምንጩ ሸረሪት ናት። አንድ የሸረሪት ክር ፊታችንን ቢነካን በእጃችን ጠረግ አድርገን እንሄዳለን። ያው ክር ብዙ ሆኖ ሲጠላለፍ ግን ሸረሪቷን የሚያክል ነፍሳት ይይዛል። አባቶችና እናቶች ይህን አይተው ነገሩን እስከ ጥግ ወሰዱት። ከደካማው ሁሉ ደካማውን፣ ከብርቱው ሁሉ ብርቱውን መርጠው ፊት ለፊት አቆሙ። ቤት ስለሚመታም ከአፍ አልጠፋም። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለውም የቅርብ ዘመዱ ነው።

ይህ አባባል በቁጥር ተፈትኖ የሚታይበት ቦታ አለ፤ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረገው የፋንታሲ ሚና ጨዋታ ነው፤ ተጫዋቾች በምናብ ዓለም የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛሉ፣ ውጤቱን ዳይስ ይወስናል። እዚያ አንበሳው አስማተኛው ነው። ድሩ ደግሞ ስም የሌለው ወታደር፣ ጦር ይዞ በረድፍ የቆመው ሕዝብ። «አንድ አስማተኛ ስንት ሺህ ሰው ይችላል?» የሚለው ክርክር ተጫዋቾች ዘንድ አያልቅም።

ክርክሩ ከጨዋታው እኩል አርጅቷል። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የዚህ ዓይነት ጨዋታ የሆነውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን እ.ኤ.አ. በ1974 ከማውጣታቸው በፊት፣ በ1971 የታተመ ቼይንሜይል የሚባል የጦርነት ጨዋታ ነበር። በትልቁ ውጊያ ጠረጴዛው ላይ የሚቆም አንድ ትንሽ የወታደር ምስል 20 ሰው ይወክላል። አስማተኛው የሚወረውረው የእሳት ኳስ ስፋትም የተለካው በትልቁ ድንጋይ ወርዋሪ መሣሪያ፣ በካታፑልት ነው። አስማተኛው ሲጀመርም በሁለት እግሩ የሚሄድ ከባድ መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም እንውሰድ። ፋየርቦል፣ ማለትም የእሳት ኳሱ ድግምት፣ ከመሐሉ በየአቅጣጫው 20 ጫማ ያቃጥላል። ወታደሮቹ እያንዳንዳቸው 5 ጫማ በ5 ጫማ ቦታ ይዘው ተጠጋግተው ከቆሙ፣ እሳቱ ውስጥ 50 ያህል ሰው ይገባል። ጉዳቱ 8 ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ተጥሎ ነው፤ በአማካይ 28። ተራ ዘበኛ ያለው የሕይወት ነጥብ፣ ሲያልቅ የሚወድቅበት፣ 11 ነው። ዝቅ ብሎ ግማሹን ጉዳት ቢያመልጥ እንኳ 14 ይደርሰዋል፤ አይተርፍም። በአንድ ድግምት 50 ሰው!

ያስደነግጣል። ግን ሠራዊቱ 5,000 ከሆነ፣ የሞተው ከመቶ አንዱ ነው። አምስተኛ ሌቭል (ደረጃ) ላይ ያለ አስማተኛ ደግሞ ሳያርፍ ይህን የሚችለው ሁለቴ ነው። ወታደሮቹ ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ 10 ጫማ፣ 10 ጫማ ቢራራቁስ? ሁለተኛው እሳት የሚያገኘው 12 ሰው ገደማ ብቻ ነው።

ቀስተኞቹንም አንርሳ። ፋየርቦል የሚወረወረው እስከ 150 ጫማ ነው። ረጅም ቀስትም ሳይቸገር የሚያልመው እስከ 150 ጫማ ነው። ስለዚህ አስማተኛው ሊያቃጥል ሲጠጋ ለቀስትም ይመቻል። መከላከያው፣ ማለትም ሊመታው የሚፈልግ በዳይስ ሊደርስበት የሚገባው ቁጥር፣ 16 ነው እንበል፤ ሺልድ (ጋሻ) የሚባለውን ድግምት ጨምሮ 21 አደረሰው። ባለ 20 ጎን ዳይስ ጥሎ 4 የሚጨምር ቀስተኛ 17ና ከዚያ በላይ ካልጣለ አይመታውም። አንድ ቀስተኛ ብቻውን ቢሆን የሚያስፈራ አልነበረም። 40 ሲሆኑ ግን በአማካይ 8 ቀስት ያገኘዋል። አንዱ ቀስት 6 ወይም 7 ነጥብ ይወስዳል፤ ሲደመር ከ50 ያልፋል። የአስማተኛው ሕይወት 32 ቢሆን ነው። አንበሳው ታሰረ።

በጣም የምወደው ሕግ ግን ኮንሰንትሬሽን ነው። ብዙ ትልልቅ ድግምቶች አስማተኛው ሐሳቡን ሰብስቦ ሲይዛቸው ብቻ ይቆያሉ። ጉዳት ሲደርስበት ሐሳቡ እንዳይበተን ያንኑ ባለ 20 ጎን ዳይስ ይጥላል፤ ለትንሽ ጉዳት ቢያንስ 10 ማምጣት አለበት። የሚጥለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀስት ለየብቻ ነው። ዳይሱ ላይ 2 የሚጨምር ሰው አንዱን ቀስት የመቋቋም ዕድሉ ከመቶ 65 ነው። አራት ቀስት በተከታታይ ቢመታው ግን ዕድሉ ወደ 18 ይወርዳል። አንድ ክር ምንም አላደረገም፣ ሁለተኛውም፤ አራት ሲሆኑ ግን ያ ሁሉ አስማት ብን ብሎ ይጠፋል። አባባሉን በሕግ ቋንቋ ጻፍ የተባለ ሰው ከዚህ የተሻለ የሚጽፍ አይመስለኝም።

ታዲያ አስማተኛው ምን ይሻለዋል? እዚህ ላይ «ቢያብር» ትመጣለች። ክሩን አንድ በአንድ ማቃጠል አያዋጣም፤ የሚያዋጣው ማበሩን ማፍረስ ነው። ዎል ኦፍ ስቶን (የድንጋይ ግንብ) የሚባለው ድግምት ማንንም ሳይገድል ጠባብ ሸለቆ የገባን ጦር ለሁለት ይከፍላል። ዊንድ ዎል (የነፋስ ግንብ) ተራ ቀስቶችን ሽቅብ እየገፋ ከንቱ ያስቀራቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን ዲስጋይዝ ሰልፍን (መልክ መለወጫዋን) ተመልከቱ። የመጀመሪያ ሌቭል ድግምት ናት፤ ለአንድ ሰዓት ሌላ ሰው ታስመስላለች። አስማተኛው የአዛዡን መልእክተኛ መስሎ ወደ ግራው ክንፍ ይሄድና «አፈግፍጉ ተብላችኋል» ይላል። ድምፁን አትቀይርለትም፤ በድግምቷ የለበሰውን ቆብ የነካ ሰውም እጁ አልፎ ይገባል። ስለዚህ ቶሎ ተናግሮ ዞር ማለት አለበት። ከተሳካለት ግን በሺህ የሚቆጠር ሰው ከውጊያው ወጣ። ፋየርቦል ይህን አይሠራም።

ፋየርቦልም ቢሆን ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ቤዚክ በሚባለው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሕግ እያንዳንዱ ፍጡር ከ2 እስከ 12 የሞራል ቁጥር ነበረው። ከወገን የመጀመሪያው ሲሞት ሁለት ዳይስ ይጣላል፤ ከቁጥሩ ከበለጠ ቡድኑ ይሸሻል ወይም እጅ ይሰጣል። እሳቱ 50 ሰው ገደለ፤ ፍርሃቱ ግን የቀረውን ሊበትን ይችላል። ይህን ሕግ የማይጠቀሙ ጠረጴዛዎች ብዙ ነገር የሚቀርባቸው ይመስለኛል፤ እስከ መጨረሻው ሰው የሚዋጋ ሠራዊት የሰው ሠራዊት አይመስልም።

ጨዋታ የምትመሩ ሰዎች፣ ሠራዊቱን እንደ ቁጥር ብቻ አታቅርቡት። የሚያስተሳስረውን አሳዩ፦ ሰንደቁን፣ ከበሮውን፣ ድልድዩን፣ የሚፈሩትንና የሚወዱትን አዛዥ። ተጫዋቾቹ የሚበጥሱት ነገር ያገኛሉ። አንዳንዴም ገልብጡት። ክፉው አስማተኛ በጠላት በኩል ይሁን፤ ተጫዋቾቹ 60 ገበሬ ቀስት ያስይዙ፣ አራርቀው ያቁሙ፣ በአንድ ምልክት እንዲተኩሱ ያለማምዱ።