ውሻዎ ትንፋሽ ያጠረው ሲመስል፦ ስለ ተገላቢጦሽ ማስነጠስ የሚባለውና እውነታው

ባሕር ዳር ውስጥ ግቢው ውሻ ያለው ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ውሻው ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንገቱን ይሰግጋል፣ የፊት እግሮቹን ይከፍታል፣ አፉን ገጥሞ በአፍንጫው አየር በኃይል እየሳበ "ህንክ! ህንክ!" ይላል። የቤቱ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃ ሳይሞላ ይለቀውና ጅራቱን እየቆላ ይሄዳል። ይህ የተገላቢጦሽ ማስነጠስ ነው፤ ብዙ የተሳሳተ ነገር ይወራበታል።

"አብዷል!"

አላበደም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ በዚህ ሰበብ ጤነኛ ውሻ ሊገደል ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው እንስሳ ጠባዩ ይለወጣል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ሽባ ይሆናል። ምልክቱ ከታየ በአብዛኛው 10 ቀን አይቆይም። መጥቶ ወዲያው የሚሄድ ነገር አይደለም። ክትባቱን ግን አያስታጉሉ። ውሻ ከነከሰዎትም ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

"አጥንት ተሰንቅሮበት ነው።"

እጅዎን አፉ ውስጥ አይክተቱ! የታነቀ ውሻ አፉን ከፍቶ በእግሩ ይቧጥጠዋል፣ ድዱም ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። እዚህ ግን አፉ ዝግ ነው፣ አየርም ይገባለታል። የሚከነክነው ከአፍንጫው ኋላ፣ ከላንቃው በላይ ያለው ቦታ ነው። አቧራ፣ የከሰል ጭስ፣ ሽቶ፣ በርበሬ ሲወቀጥ የሚቦነው ብናኝ ይቀሰቅሰዋል። አንገቱ ላይ ያለው ገመድ ሲጎተት ወይም በጣም ደስ ሲለውም ይመጣበታል። ቡና ሲፈላ እጣኑ አጠገብ የሚተኛ ከሆነ ራቅ አድርገው ያስተኙት፤ ሊበቃው ይችላል።

"የፈረንጅ ውሻ በሽታ ነው።"

ትንንሾቹና አፍንጫቸው የተደፈጠጠው ላይ ይበዛል እንጂ የሐበሻውም ውሻ ያደርገዋል።

"ነጭ ሽንኩርት ያሽረዋል።"

በፍጹም እንዳይሰጡት። የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ይልቅ ተረጋግተው ጉሮሮውን በቀስታ ያሹለት፤ ምራቁን ዋጥ ሲያደርግ ብዙ ጊዜ ይተወዋል።

"እንግዲያው ሁሌም ዝም ማለት ነው።"

ይሄም ልክ አይደለም፣ በተለይ ጣና ዳር ለምንኖር። ደንገል ሥር ከተኛ ውሃ የሚጠጣ ውሻ አፍንጫው ውስጥ አልቅት ሊገባበት ይችላል። የሣር ጫፍም እንዲሁ ይሰካል። ከአንዱ አፍንጫው ደም ከመጣ፣ ነገሩ ከቀን ወደ ቀን ከባሰ ወይም ምግብ ከተወ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ሲመጣበት በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹት፤ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ላያደርገው ይችላልና።