ልጅም ውሻም ይዞ ጀርመን መግባት፦ የሚባለውና እውነታው

ሥራው ተገኝቶ የቪዛው ነገር መስመር ሲይዝ ዘመድ ሁሉ አማካሪ ይሆናል። ቡና ላይ ከሚሰማው ምክር ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግን ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ከአዲስ አበባ ተነስተው ትንንሽ ልጆችና የቤት እንስሳ ይዘው ወደ ጀርመን በሚሄዱ ቤተሰቦች ዘንድ ደጋግመው የሚነሱትን እንይ።

«ውሻውን በመሄጃችን ሳምንት አስከትበን ይዘነው እንሄዳለን»

አይሆንም። ከሁሉም በላይ ልጆችን የሚያስለቅሰው ይሄ ነው።

ኢትዮጵያ በእብድ ውሻ በሽታ ጉዳይ የአውሮፓ ኅብረት ቀለል ያለ አሠራር ከፈቀደላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ክትባት ብቻውን አይበቃም፤ መሥራቱ በደም ምርመራ መረጋገጥ አለበት። ቅደም ተከተሉም አይዛነፍም። መጀመሪያ የመለያ ቁጥሩን የያዘ ማይክሮቺፕ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ከቆዳው ሥር ይገባል። ቀጥሎ ክትባቱ ይሰጣል፤ ውሻው ያን ጊዜ ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው መሆን አለበት። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳና ኅብረቱ ወደሚቀበለው ቤተ ሙከራ ይላካል። በደሙ ውስጥ የሚገኘው በሽታውን የሚከላከል አንቲቦዲ በሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 3 ወር ይጠበቃል።

ደምሩት፤ ከአራት ወር በታች አይወርድም። መጠበቁ ዝም ብሎ ቢሮክራሲ አይደለም። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል።

«ቡቺ እኮ በየዓመቱ ይከተባል» የሚለው መልስም አያድንም። ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ደስ የሚለው ግን፣ ክትባቱ ጊዜው ሳያልፍ እየታደሰ ከሄደ የደም ምርመራው መደገም አያስፈልገውም። እንሄድ ይሆናል ብላችሁ ማሰብ ስትጀምሩ አስመርምሩት። የጤና ሰርተፍኬቱ በተቃራኒው መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው፤ ለመግቢያ የሚያገለግለው ለ10 ቀን ብቻ ነው። በአጭሩ፣ የትኬቱን ቀን የምትቆርጡት የውሻውን ካሌንደር አይታችሁ ነው።

ፒት ቡልና ቡል ቴሪየርን የመሳሰሉ አራት ዘሮችን፣ ዲቃላዎቻቸውንም ጭምር፣ ለመኖር ብሎ ጀርመን ማስገባት አይቻልም።

«ድመት ግን ነፃ ናት»

ማን አለ? የመግቢያው ሕግ ለእሷም ያው ነው። የምትገላገለው ማዘጋጃ ቤቶች በየዓመቱ ከሚሰበስቡት የውሻ ግብር ነው።

«ማስተኛ መድኃኒት ሰጥቶ መጫን ነው»

የእንስሳት ሐኪሞች ይህን አይመክሩም። ማደንዘዣ የደም ግፊትንና አተነፋፈስን ያውካል፤ አየር ላይ ደግሞ አጠገቡ ሆኖ የሚያየው የለም። የሚረዳው ሳጥኑን ቀድሞ ማላመድ ነው። በሩን ከፍታችሁ ሳሎን አስቀምጡት፤ ምግቡን እዚያው ውስጥ ስጡት። የሚተኛበትን ጨርቅ አንጥፉለት፤ እንዳታጥቡት ግን፣ ሽታው ነው የሚያረጋጋው። ውሻው ውስጡ ቆሞ መዞር ካልቻለ ሳጥኑ ጠቦታል ማለት ነው፤ አየር መንገዱም አይቀበለውም።

«ልጆች ቋንቋ በሦስት ወር ይለቅማሉ»

ጨዋታውን አዎ፣ ቶሎ ይለቅማሉ። «ስጠኝ»፣ «የኔ ተራ ነው» ለማለት ጊዜ አይፈጅባቸውም። ሒሳብና ሳይንስ የሚማሩበት ቋንቋ ግን ዓመታት ይወስዳል። ልጁ በዚህ ቢቸገር ሰነፍ አያሰኘውም።

ከዚህ ጋር የሚመጣ ሌላ ስህተት አለ፦ «ጀርመንኛው እንዲገባው አማርኛውን እንተው»። ወላጅ በተሰባበረ ጀርመንኛ ልጁን ከሚያናግር ሙሉ በሆነ አማርኛ ተረት ቢነግረው፣ ቢቆጣውም፣ ይሻለዋል። በአንዱ ቋንቋ ያወቀውን ነገር ወደ ሌላው ይወስደዋል። ደግሞስ በስልክ አያቱን በምን ሊያናግር ነው?

«የሕፃናት መዋያው የመንግሥት ነው፤ ልጆቹ እንደደረስን ይገባሉ»

ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አንድ ዓመት የሞላው ልጅ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው። መብት ሌላ፣ ባዶ ወንበር ሌላ። በብዙ ከተሞች ወረፋ ስላለ ከአንድ በላይ ቦታ ተመዝገቡ። ቦታው ከተገኘ በኋላም ልጁን በር ላይ ስሞ መሄድ የለም። በማላመጃው ሳምንታት እናት ወይም አባት መጀመሪያ አብሮ ይቀመጣል፤ ቀስ በቀስ አሥር ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እያለ ይወጣል። ሞግዚትና አያት ለለመደ ቤት ይሄ ከባድ ነው። ሁለታችሁም በመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ለመግባት አትፈራረሙ።

«ባለቤቴ ጀርመንኛ ካልተፈተነች አትመጣም»

በብሉ ካርድ፣ ማለትም ለተማሩ የውጭ ባለሙያዎች በሚሰጠው የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለሚሄድ ሰው የትዳር ጓደኛ ይህ ፈተና ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ፈቃዷን ስታገኝ መሥራትም ትችላለች። መማሩን ግን እኔ ብሆን አልተወውም።

«ለልጆቹ ፓስፖርትና ቪዛ ይበቃል»

አንድ ወረቀት ቀርቷል፦ ከጤና ጣቢያ የተሰጠችው የክትባት ካርድ። ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጅ መዋያም ሆነ ትምህርት ቤት ሲገባ የኩፍኝ ክትባት መውሰዱን ማሳየት ግዴታ ነው፤ ሁለት ዓመት ከሞላው ሁለት ጊዜ የተከተበ መሆን አለበት። ካርዷ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ተጣጥፋ፣ ጽሑፏ ደብዝዞ ነው የምትገኘው። ቀኖቹ የማይነበቡ ከሆነ ሳትሄዱ ጤና ጣቢያው አጽፉ። ከፓስፖርቶቹ ጋር በእጅ ሻንጣ ያዟት፤ ካርጎ ውስጥ አትግባ።