ከፈገግታ እስከ ማሽካካት፦ የሳቅ ስሞች በጣና ዳር

አማርኛ ሳቅን በአንድ ቃል አይጨርሰውም። «ሳቀ» ራሱ ከግዕዙ «ሠሐቀ» ጋር አንድ ነው፤ መሀል ያለችው «ሐ» ጠፍታለች። ይስሐቅ የሚለው ስምም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ሣራ በእርጅናዋ ትወልጃለሽ ስትባል ስቃ ነበርና።

ፈገግ ያለ ሰው ድምፅ የለውም። «ከት» ሲል ነው ሳቁ የሚሰማው። ከት ከት ካለ ቀጥሏል ማለት ነው፤ ተንከተከተ ከተባለ ደግሞ ትከሻውም አብሮ ስቋል። ፊቷ ሁሌ የሚፈካ ልጅ ፍልቅልቅ ትባላለች፤ ውሃም ሲፈላ ይፍለቀለቃል። ከዚያ በላይ ያሉት ቃላት ግን ከእንስሳ የተወሰዱ ይመስላሉ። ዶሮ ታስካካለች፣ ፈረስ ያሽካካል፣ ሰውም እንዲሁ። ሙገሳ አይደለም።

ለቅሶ ቤት የሳቀ ሰውም ቃል አለው። አፉን በእጁ ከድኖ «ጥርስ ባዳ ነው» ይላል። ጥርሱ የሳቀው ልቡ ሳያውቅ ነው እንደማለት።

ስድብ የሚሆነው «ገለፈጠ» ነው። አንድ ቀን ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ነበርኩ። ገበያ ውለው የሚመለሱ እናቶች ባዶ ዘንቢላቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ንፋስ ድንገት የአንዱን ጎረምሳ ኮፍያ ነጥቆ ጣና ላይ ጣለው። እናቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን አፈኑ። አንዷን ግን አመለጣት። ከዚያማ ጀልባው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ልጁ ቱግ ብሎ «ምን ያስገለፍጣችኋል?» አለ። አንዷ እናት እንባዋን እየጠረገች «ውይ ልጄ፣ በሳቅ ሞትን እኮ!» አለችው።

ልብ በሉ፣ የሳቁ ዓይነት አንድ ነው። የሳቀው «ሳቅሁ» ይላል፤ የተሳቀበት «ገለፈጠ» ይላል። ሳቂታ እና ገልፋጣ የሚባሉትም እንደዚያው ናቸው። የምንወደው ሰው ሳቂታ ነው፣ የማንወደው ገልፋጣ።

ቀልደኛ ጓደኛ «ጥርስ አያስከድንም» ይባላል። አሁን አሁን ደግሞ ሳቅ በስልክ ይጻፋል፦ ቅቅቅቅ፣ ኪኪኪ፣ ሃሃሃ። እኔ የምቆጥረው ብዛቱን ነው። ስምንት «ቅ» የላከልኝ ከልቡ ስቋል ብዬ እወስዳለሁ። ሁለት ብቻ የላከው ግን ፈገግ ማለቱንም እጠራጠራለሁ።