የሱቅ ኪራይ ውል ሲፈርስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሱቅ ኪራይ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በትንሽ ነገር ነው። የአንድ ወር ኪራይ ይዘገያል፣ ወይም አከራዩ በድንገት ጨምር ይላል። ሲያልቅ ግን ሥራ ቆሟል፣ ሠራተኛ ተበትኗል፣ ዕቃው ተዘግቶበት ዓመት የሚፈጅ ክርክር ተጀምሯል። በመሃል ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው ክፋት አይደለም። ከደላላ፣ ከውል ጸሐፊ፣ ከጎረቤት ሱቅ የሰማነውን ሕግ ነው ብለን ማመናችን ነው።

እዚህ የማነሳው በግለሰብ አከራይና በነጋዴ ተከራይ መካከል ያለውን ኪራይ ነው። የቀበሌና የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ቤቶች የራሳቸው አሠራር ስላላቸው ወደዚያ አልገባም።

“አዲሱ የኪራይ አዋጅ ሱቄንም ይጠብቀዋል”

አይጠብቀውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይሆን ይላል። ብዙ ነጋዴ ይህን በዜና ሰምቶ ተደላድሎ ተቀምጧል። የአዋጁ ስም ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ነው። ሱቅ፣ ቢሮ፣ መጋዘን፣ ምግብ ቤት ውስጡ የሉም። ለእነዚህ የሚሠራው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የተፈራረማችሁት ወረቀት ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈል ያለ የሱቅ አከራይ ይህን አዋጅ አልጣሰም። ስለዚህ የንግድ ቤት ተከራይን የሚጠብቀው ከመፈረሙ በፊት የሚያደርገው ድርድር ነው። ከፈረመ በኋላ ከላይ መጥቶ የሚያድነው የኪራይ ጣሪያ የለም።

“ገደቡን ከፍዬ እወጣለሁ”

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ቤታችሁ ያለውን የኪራይ ውል አውጡና የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ። እንዲህ የሚል ነገር ታገኛላችሁ፦ ይህን ውል ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው ይህን ያህል ብር ገደብ ከፍሎ፣ ውሉ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ይሆናል። ሁላችንም ፈርመናል። ስንቶቻችን አንብበነዋል? መጨረሻው ላይ ያለውን ተመልከቱ። ገደቡን የከፈለ ሰው ነፃ ነው አላለም። ውሉ ይጸናል ነው ያለው።

ገደብ በሕጉ ውል ላለማክበር የሚጣል መቀጫ እንጂ የመውጫ ትኬት አይደለም። 50,000 ብር ገደብ አስቀምጦ በሦስት ዓመት ውል የገባ ተከራይ፣ በስምንተኛው ወር ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቁልፍ ቢያስረክብ ነገሩ ላያልቅ ይችላል። አከራዩ ውሉ ይፈጸምልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ይህ ለአከራዩም ይሠራል። የተሻለ ተከራይ ስላገኘ ብቻ ገደቡን ወርውሮ “ውጣ” ሊል አይችልም።

ገደቡ የሚከፈለው አንዱ ወገን ጉዳት ደርሶብኛል ብሎ ሳያስረዳ ጭምር ነው። “ምን ጎደለብህ?” የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አያስኬድም። በሌላ በኩል፣ ውሉ በከፊል ተፈጽሞ ከሆነ ፍርድ ቤት ገደቡን ሊቀንሰው ይችላል። ከሦስቱ ዓመት ሁለቱን ተኩል በአግባቡ የከፈለ ተከራይ ይህን ማንሳት አለበት።

የእውነት መውጫ ሊሆን የሚችለው ቀብድ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን መተው ይችላል። የተቀበለውም መተው ይችላል፤ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ለሱቅ መያዣ ብላችሁ የሰጣችሁት ገንዘብ ወረቀቱ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አጣሩ። ቀብድ፣ ቅድሚያ ኪራይና የዕቃ ጉዳት ማስያዣ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። “ብር 100,000 ተቀብያለሁ” ብቻ የሚል ደረሰኝ ይዞ ፍርድ ቤት መቆም በጣም ያስቸግራል። በየትኛውም በኩል ብትሆኑ በእውነት መውጫ በር የምትፈልጉ ከሆነ በግልጽ ጻፉት፦ ማንኛውም ወገን የሦስት ወር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። አንድ መስመር ናት።

“ጥሎ ከወጣ የቀሪውን ጊዜ ኪራይ በሙሉ ይከፍላል”

አከራዮች ይህን እንደ ቀላል ሒሳብ ያዩታል። እንበል ኪራዩ በወር 40,000 ብር ነው፣ ተከራዩ 14 ወር ሲቀረው ወጣ። የክሱ ወረቀት ላይ 560,000 ብር ይጻፋል።

ሕጉ ግን ለተጎጂውም ግዴታ ይሰጣል። ውል ፈረሰብኝ የሚል ሰው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን፣ ከመጠን በላይ የማይከብደውን ሁሉ ማድረግ አለበት። ሊያስቀረው ሲችል ዝም ብሎ ላሳለፈው ኪሳራ ካሳ አይጠይቅም። አከራዩ ያንን ሱቅ በሁለት ወሩ ለሌላ ሰው በ45,000 ካከራየው፣ በኪራይ በኩል የደረሰበት ጉዳት የሁለት ወር፣ ማለትም 80,000 ብር ገደማ ነው። ለድለላና ለጥገና ያወጣው ካለ ይጨመራል። ቤቱን ዘግቶ ለዓመት ያስቀመጠ አከራይም ለምን እንዳላከራየ ይጠየቃል።

ይህን ግን ዳኛው በራሱ አያነሳላችሁም። ተከራዩ ነው ማስረዳት ያለበት። አዲሱ ተከራይ መቼ ገባ፣ ስንት ይከፍላል፣ “የሚከራይ” የሚለው ማስታወቂያ መቼ ተለጠፈ፣ መቼ ተነሳ። በስልካችሁ ቀኑ የሚታይ ፎቶ አንሱ። ቁልፍ ስታስረክቡም ቀኑን፣ የቆጣሪውን ንባብና የቤቱን ሁኔታ ጽፋችሁ አስፈርሙ። ቁልፉን ለጥበቃው ሰጥቶ መሄድ ርክክብ አይደለም።

“ኪራይ ካልከፈለ ማግስቱን ቁልፍ እቀይራለሁ”

ይህ ቤታቸውን ያከራዩ ብዙ ትልልቅ ሰዎችን ለማያውቁት ክስ ዳርጓል። “ጋሼ፣ እስከ ወር መጨረሻ ይታገሱኝ” ያለ ተከራይ ጠዋት ሲመጣ ሌላ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ያገኛል። አከራዩ ቤቱ የራሱ ስለሆነ መብቱ ይመስለዋል።

ሕጉ የሚለው ሌላ ነው። ኪራይ የዘገየበት አከራይ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ውሉ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 30 ቀን፣ ከዚያ ካነሰ 15 ቀን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልከፈልክ ውሉን አፈርሳለሁ ብሎ ማሳወቅ አለበት። ቀኑ የሚቆጠረው ተከራዩ ማስጠንቀቂያውን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ነው። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም “አንድ ቀን ቢያሳልፍ ወዲያውኑ ያስለቅቃል” የሚል የውል ቃል ተፈርሞበትም ቢሆን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ በኃይል የዘጋ አከራይ ቦታ ይቀያየራል። እስከዚያ ጠዋት ድረስ ውል ያላከበረው ተከራዩ ነበር። አሁን ተከራዩ ሁከት ይወገድልኝ ብሎ ይከሳል፣ በተዘጋባቸው ቀናት ያጣውን ገቢም ይጠይቃል። መብራትና ውሃ መቁረጥም ያው ነው።

ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን። ሁለት ቅጂ አዘጋጁ፣ አንዱ ላይ “ደርሶኛል” አስፈርሙ። አልፈርምም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ላኩት። በስልክ ነግሬዋለሁ የሚለውን ማስረዳት ከባድ ነው።

ተከራዮችም በዚህ በኩል የራሳችን ስህተት አለን። ጣሪያው ያፈስሳልና ኪራይ አልከፍልም ብሎ ዝም ማለት አደገኛ ነው። ጥገናውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኑን ያዙ። አንዳንድ አከራይ ደግሞ ለማስወጣት ሲፈልግ ሆን ብሎ ኪራይ አልቀበልም ይላል። ያን ጊዜ “እምቢ አለ እኮ” ብሎ መቀመጥ ሳይሆን ገንዘቡን በፍርድ ቤት በኩል ማስቀመጥ ነው መፍትሔው። ሕጉ ይህን መንገድ ከፍቶታል።

“ገበያው ስለሞተ ውሉ አብሮ ይፈርሳል”

የሚያሳዝን ነው፣ ግን አይፈርስም። ውልን መፈጸም ከበፊቱ የከበደ ወይም ውድ ስለሆነ ብቻ ውሉ አይለወጥም። ዳኛም ለአንዱ አዝኖ አያሻሽለውም። ይህ ሁለቱንም ይይዛል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብዙ አከራዮች የሦስት ዓመት ውላቸው ሳያልቅ “ብሩ ዋጋ የለውም” ብለው ጭማሪ ጠይቀዋል። ውሉ ውስጥ የጭማሪ አንቀጽ ከሌለ ተከራዩ እምቢ ማለት ይችላል። የዕቃ ዋጋ ናረብኝ ያለ ተከራይም በዚያው ልክ ከኪራዩ አያመልጥም።

ከአቅም በላይ የሚባለው ሌላ ነው። ያልተጠበቀ፣ ሊሻገሩት የማይቻል ነገር ሲመጣ ነው። መንግሥት የሚጥለው ክልከላ፣ የተፈጥሮ አደጋ፣ ጦርነት ከነዚህ ይቆጠራሉ። በኮሪደር ልማት ሱቁ የፈረሰበት ሰው ጉዳይ እዚህ ይገባል። አከራዩ ቤት ማቅረብ አልቻለምና በውል አፍራሽነት ካሳ አይጠየቅም። ግን ቅድሚያ የተቀበለው፣ ተከራዩ ያልተጠቀመበት የወራት ኪራይ መመለስ አለበት። “እኔም ቤቴ ፈርሶብኛል” የሚለው ሐዘን እውነት ነው። ያልተከራየ ጊዜ ገንዘብ ለማስቀረት ግን ምክንያት አይሆንም።

“ውሉ ጊዜው አልፏል፣ ነገ ውጣ”

ውሉ ባለፈው ዓመት አልቆ፣ ተከራዩ እየከፈለ አከራዩም እየተቀበለ ከቀጠሉ ውል የለም ማለት አይደለም። ኪራዩ ጊዜው ባልተወሰነ ውል በነበረው ሁኔታ እንደቀጠለ ይቆጠራል። ማቋረጥ ይቻላል፣ ግን ተገቢ ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል። ቤቱን መልሶ የሚፈልግ አከራይ ጊዜው ሲያልቅ ያኔውኑ በጽሑፍ ይቃወም።

“ለግብር አንድ ወረቀት፣ ለእኛ ሌላ ወረቀት”

ይህን የምጽፈው እየቆረቆረኝ ነው፤ ምክንያቱም በየቦታው አለ። ለውልና ማስረጃ በ10,000 ብር ይጻፋል፣ እውነተኛው 40,000 በእጅ ይከፈላል። ጠብ እስኪነሳ ሁሉም ይስማማዋል። ጠብ ሲነሳ አከራዩ የጸደቀው ሰነድ የሚያሳየው 10,000 ብቻ መሆኑን ያስታውሳል። ተከራዩም በእጅ የሰጠውን ማስረዳት ያቅተዋል፣ ግብር መሥሪያ ቤቱም እንደ ወጪ አይዝለትም። ሁለቱም ፍርድ ቤት ውስጥ እውነቱን ሲናገሩ ለግብር መሥሪያ ቤት የዋሹትን እያመኑ ነው። አንድ ወረቀት፣ አንድ ዋጋ፣ በባንክ። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶው በኪራዩ ውስጥ ይሁን በላዩ ይጨመር ከዋጋው ጎን ጻፉት።

ለአከራዮች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። “ዘመድ ነው፣ ይከፍላል” ብሎ የቆየ ውዝፍ ኪራይ ሁለት ዓመት ሲያልፈው ሕጉ እንደተከፈለ ይገምተዋል። ያን ግምት ማፍረስ ቀላል አይደለም።

“ሽማግሌ የጨረሰው ነገር ፍርድ ቤት አይሠራም”

ይሠራል። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ተሰጣጥተው ክርክራቸውን በዕርቅ ስምምነት ከጨረሱ፣ ያ ስምምነት በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ችግሩ ሽማግልናው አይደለም። ሳይጻፍ መቅረቱ ነው። ቡና ተጠጥቶ፣ ተሳስሞ፣ በሦስተኛው ወር “እንዲህ አላልኩም” ይመጣል። ማን ስንት እንደሚከፍል፣ መቼ እንደሚለቅ፣ ከዚያ በኋላ ምንም እንደማይጠያየቁ ጽፈው ሽማግሌዎቹን በምስክርነት ያስፈርሙ።

“ወንድሙ ነው የፈረመልኝ፣ ባለቤቱ አሜሪካ ነው”

ባለቤቱ ውጭ የሚኖርበት ሱቅ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ነው። ወኪሉን ማመን ይቻላል፣ ግን ውክልናውን አይታችሁ። በጠቅላላ ውክልና ማከራየት የሚቻለው ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ነው። ለአምስት ዓመት ውል ይህን የሚፈቅድ ልዩ ሥልጣን በውክልናው ላይ መጻፍ አለበት። ወለል አንጥፈው፣ መደርደሪያ አሠርተው ሁለት ዓመት የሠሩ ሰዎች ባለቤቱ መጥቶ “እኔ ይህን አልፈቀድኩም” ሲላቸው ነው ይህን የሚሰሙት። የውክልናውን ቅጂ ከውሉ ጋር አያይዙ፣ አለመሻሩንም ከሰነዶች ማረጋገጫ ጠይቁ።