ኮሮናው ካለፈ በኋላ የሚመጣው «ሚስ-ሲ» ምንድነው?

ኮሮና ትንንሽ ልጆችን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል አድርጎ ነው የሚያልፋቸው። ትንሽ ትኩሳት፣ ንፍጥ፣ ሳል፣ አንዳንዴ ተቅማጥ፤ ከዚያ ልጁ ተነስቶ ይሯሯጣል። ግራ የሚያጋባው «ሚስ-ሲ» (በእንግሊዝኛ ምህጻሩ MIS-C፣ ከኮሮና በኋላ ልጆች ላይ የሚመጣ የብዙ የሰውነት ክፍሎች መቆጣት) የሚሉት ነው፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 እንግሊዝ ውስጥ ሐኪሞች ያስተዋሉት። ልጁ ከተያዘ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ፣ ቤተሰቡ «ጉንፋን ነበር» ብሎ ከረሳው በኋላ፣ የሰውነቱ መከላከያ ከልክ አልፎ ልብን፣ አንጀትን፣ ቆዳን ሲያስቆጣ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የአፍንጫ ምርመራው ነጌቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ አያዘናጋችሁ። አልወርድ ያለ ትኩሳት ከሆድ ሕመም፣ ከትውከት፣ ከሽፍታ ወይም ከቀላ ዓይን ጋር ካያችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ ከሳምንታት በፊት ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ከነበረም ሳትጠየቁ ተናገሩ። ብዙ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፣ በጊዜ ከተደረሰበትም አብዛኞቹ ይድናሉ።