በረኪና ምንድን ነው? ያነጣል እንጂ አያጥብም

ነጭ ልብስ ሲያድፍ፣ ሽንት ቤት ሲሸት፣ ሲንክ ሲጠቁር የብዙ ሰው እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ በረኪናው ነው። ለሁሉም ነገር መድኃኒት ይመስላል። በረኪና ግን የሚችለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ቀለም ማጥፋትና ጀርም መግደል። ማጠቡ የሳሙና ስራ ነው። ይህን ለይቶ ያወቀ ሰው ብዙ ልብስ ያተርፋል፤ ሳንባውንም ጭምር።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ንጥረ ነገር ሟሙቷል። ለቤት በሚሸጠው ላይ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። ፋብሪካዎች የሚሰሩት የክሎሪን ጋዝን ኮስቲክ ሶዳ ከሚባለው የሳሙና መስሪያ ኬሚካል ጋር በማዋሃድ ነው። ፈሳሹ ቶሎ እንዳይበላሽ ትንሽ ኮስቲክ ሶዳ እንዲተርፍበት ይደረጋል። በረኪና ጣት ላይ የሚያሙለጨልጨው በዚህ ምክንያት ነው፤ የቆዳችን ቅባት ወደ ሳሙናነት እየተቀየረ ነው ማለት ነው። ጓንት አድርጉ የሚባለው ለወግ አይደለም።

ድሮ ጨርቅ ማንጣት የሳምንታት፣ አንዳንዴም የወራት ስራ ነበር። ሜዳ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ እስኪያነጣው መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1774 ስዊድናዊው ካርል ሼለ ክሎሪንን አገኘ። በ1780ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ኬሚስት ክሎድ ሉዊ በርቶሌ ይህ ጋዝ ጨርቅ እንደሚያነጣ አሳየ። ጋዙ የሟሟበት፣ ለማንጫ የሚሆን ፈሳሽ ዛሬ የፓሪስ ሰፈር በሆነው ዣቬል መመረት ጀመረ። የበረኪና ዘር ከዚያ ይመዘዛል።

እድፉ ታዲያ የት ይሄዳል? ብዙ ጊዜ የትም አይሄድም። የሻይ ወይም የቡና እድፍ የሚታየን ሞለኪውሎቹ የብርሃንን ከፊል ስለሚውጡ ነው። በረኪናው ያንን ብርሃን የሚውጠውን ክፍል ኦክሳይድ አድርጎ፣ ማለትም በኦክስጅን አጥቅቶ፣ ይበጣጥሰዋል። ስብርባሪው እዚያው ሊቀር ይችላል፤ ዓይን ግን አያየውም። ሻይ ያጠቆረው ኩባያ ውስጥ በውሃ የቀጠነ በረኪና ጨምራችሁ ተመልከቱት። ማንም ሳይፈትገው ቡናማው ቀለበት እየሳሳ፣ እየገረጣ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ኩባያውን በሳሙና ማጠብና ደጋግሞ ማለቅለቅ ግድ ነው።

ችግሩ በረኪና እድፉን ከልብሱ ቀለም አይለይም። ጥቁር ቲሸርት ላይ አንድ ጠብታ ሲያርፍ መጀመሪያ ውሃ የነካው ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ጠርዙ ቀላ ይላል፣ ከዚያ መሃሉ ብርቱካናማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ሰው ደንግጦ ሳሙና ይዞ ይፈትገዋል። ቢፈትገውም ዋጋ የለውም፤ እዚያ ቦታ ላይ የሚለቅ እድፍ የለም፣ ቀለሙ ራሱ ነው የጠፋው። ያለው አማራጭ መልሶ ማቅለም ነው። ቀለም ላለው ልብስ በኦክስጅን የሚሰራ ማንጫ ይሻላል። እሱ በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ስለሚሰራ ለቀለም ይራራል።

ሱፍና ሐርን ደግሞ በረኪና ፈጽሞ አይንካቸው። ሁለቱም የተሰሩት ከፕሮቲን ነው፤ በረኪና ፕሮቲን ይበላል። ጠንከር ባለ በረኪና ውስጥ የተነከረ የሱፍ ክር ቆይቶ ይሟሟል። የሚለጠጥ ክር ያለበት ልብስም ይገረጣል፣ ቢጫ ይላል፣ መለጠጡንም ያጣል። ነጭ ጥጥና ተልባ ግን ይችሉታል፤ እነሱም ቢሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ሳይዘፈዘፉ።

በረኪና የሚያባብሰው እድፍም አለ። ዋናው ዝገት ነው። ዝገት ኦክሳይድ የሆነ ብረት ነው፤ በረኪና ደግሞ የባሰ ኦክሳይድ ያደርገዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ውሃው ብረት የሚበዛበት ከሆነ ነጭ አንሶላ በረኪና ውስጥ ገብቶ ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ዝገት የሚፈልገው አሲድ ነው፤ የሎሚ ጭማቂም ይሰራል። (ሎሚና በረኪና ግን ለየብቻ። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።) ብብት ላይ የሚቀረው የላብ ቢጫም በበረኪና ብዙ ጊዜ ይብስበታል። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ተዘፍዝፎ ኢንዛይም ባለው የዱቄት ሳሙና ቢታጠብ ይሻላል። ዘይትና ቅባት በረኪናን ጉዳዬም አይሉት።

ወለል ላይ የፈሰሰ ነገር ሲሆን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። በረኪና ቆሻሻ ካገኘ ጉልበቱን ቆሻሻው ላይ ይጨርሳል፤ ለጀርሙ የሚተርፈው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የፈሰሰውን ማንሳት፣ በሳሙና ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በረኪና። በረኪናውም እንደፈሰሰ አይጠረግም፤ ጥቂት ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ። 5 በመቶ የሆነ በረኪና 20 ሚሊ ሊትሩ በ1 ሊትር ውሃ ሲቀጥን 0.1 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ለተለመደው ጽዳት ይህ በቂ ነው። ደም ለፈሰሰበት ቦታ ግን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይደረጋል፤ ያ 0.5 በመቶ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ውሃ በረኪናውን ቶሎ ያበላሸዋል፣ ጠረኑንም ያስነሳዋል።

ወደ ማሽኖቹ ስንመጣ በረኪና እንግዳ እንጂ ባለቤት አይደለም። ተስማሚ ቦታው የልብስ ማጠቢያ ማሽን የበር ጎማ ነው፤ እጥፋቱ ውስጥ ውሃ ቀርቶ ሻጋታ ስለሚያወጣ። በቀጠነ በረኪና የራሰ ጨርቅ እጥፋቱ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት፣ መጥረግ፣ ከዚያ ማሽኑን ባዶውን በውሃ ማዞር ነው። ሲጨርሱ በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ከበረኪናው በላይ ይጠቅማል። የማሽኑ መመሪያ በረኪና ይከለክላል ከተባለ ግን መመሪያው ይሰማ። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አቼቶ እንጂ በረኪና አይፈታውም። አሉሚኒየም በበረኪና ይጠቁራል፣ ይበላል። አይዝጌ ብረት የሚባለውም ቢሆን በረኪና ሲደርቅበት ጥቃቅን ጉድጓድ ያወጣል። ውስጡ ብረት ለሆነ የሳህን ማጠቢያ ማሽን የማይመከረውም ለዚህ ነው። ፍሪጅ ውስጡ ሲሸት በቤኪንግ ሶዳ ውሃ መጥረግ ይበቃል።

አሁን ወደ አደጋው። ብዙ ሰው ሁለት ማጽጃ ሲደመር ኃይሉ የሚጨምር ይመስለዋል። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሲድ ማለት አቼቶ፣ ሎሚ፣ ለሽንት ቤት የሚሸጠው ጠንካራ ማጽጃ ጭምር ነው። ክሎሪን እ.ኤ.አ. በ1915 በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጦር መሣሪያነት ወታደር የፈጀ ጋዝ ነው። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚወጣበት መስኮት እንኳ ላይኖር ይችላል። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዝ ይወጣል። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃ አሞኒያ አለው፤ የቆየ ሽንትም እንዲሁ። ስለዚህ ትናንት በአቼቶ የጸዳ ማሽን ላይ ዛሬ በረኪና ከመጨመር በፊት አንድ ዙር በውሃ ብቻ ማዞር ይገባል። ዓይን ካቃጠለ፣ ሳል ከያዘ ዕቃውን ለማንሳት መቆየት የለም። ወደ ንጹሕ አየር መውጣት ነው፤ መተንፈስ ካስቸገረ ወደ ሕክምና።

በረኪና ያረጃል። ብርሃንና ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ጨዋማ ውሃ ይቀይሩታል፤ ጠርሙሱ ብርሃን የማያሳልፍ የሚሆነው ለዚህ ነው። በውሃ የተቀጠነው ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ አይታመንም፤ በየዕለቱ አዲስ ይበጠበጣል። ወደ ውሃ ወይም ለስላሳ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥ የለም፤ ልጅም አዋቂም በስህተት ይጠጣዋል። ክዳኑ ጠብቆ፣ ልጅ በማይደርስበት፣ ጨለም ባለና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ይቀመጥ፤ ከሽንት ቤቱ አሲድ ማጽጃ ጋር ግን አንድ መደርደሪያ ላይ አይሁን።